በሩን የሚዘጋው ማነው? መንግሥታትና ነባር ሕዝቦች በአያት ምድር ላይ የገቡት ውል

ኦክቶበር 26 ቀን 1985 በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሃ፣ ኡሉሩ በሚባለው ግዙፍ ቀይ ዐለት ሥር፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ገዥ ሰር ኒኒያን ስቲቨን የመሬቱን የባለቤትነት ሰነድ ለአናንጉ ሕዝብ ሽማግሌዎች አስረከቡ። ሽማግሌዎቹም በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይ መሬቱን ለ99 ዓመት ለፌዴራሉ መንግሥት የፓርኮች ኃላፊ መልሰው አከራዩ። ርክክቡ የተፈቀደው በዚህ ኪራይ ላይ አስቀድመው ስለተስማሙ ነበር። መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል፣ ከፓርኩ ገቢም ድርሻ ያካፍላል፤ ፓርኩን የሚመራው ቦርድ አብላጫ መቀመጫም የአናንጉ ይሆናል። በወረቀት ላይ ከታየ፣ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ ውል በዓለም ላይ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ከውሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ወጥቶ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክ በኖቬምበር 1983 ርክክቡን ሲያስታውቁ፣ ዐለቱ ላይ መውጣት እንደሚከለከል ቃል ገብተው ነበር። አናንጉዎች ዐለቱን አይወጡትም። መወጣጫው ማላ የሚባሉት የጥንት አባቶቻቸው የሄዱበት መንገድ ነው፤ ከዚህም ሌላ እንግዳ በምድራቸው ላይ ሲሞት ሐዘኑም ኃላፊነቱም የሚወድቀው በእነርሱ ላይ ነው። በ1960ዎቹ ቀጥ ባለው የዐለቱ ገጽ ላይ የተተከለውን ሰንሰለት ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ከ35 የማያንሱ ጎብኚዎች ሞተዋል። ፊርማው ሲፈረም ግን እገዳው ቀረ፤ መውጣት ለፈለገ ሁሉ ተፈቀደ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በዐለቱ ግርጌ «እባካችሁ አትውጡ» የሚል የአናንጉዎች መልእክት በሰሌዳ ቆመ። ብዙ ሰው እያነበበው ወጣ።

ቦርዱ መወጣጫው እንዲዘጋ በአንድ ድምፅ የወሰነው በኖቬምበር 2017 ነው። የተዘጋው ደግሞ ኦክቶበር 26 ቀን 2019፣ ልክ ርክክቡ በተፈጸመ በ34ኛ ዓመቱ። ባለቤትነቱ በእጃቸው ነበር፤ የቦርዱም አብላጫ ድምፅ የእነርሱ ነበር። «እዚህ አይወጣም» ለማለት ግን አንድ ትውልድ ማለፍ ነበረበት። ርክክቡ ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ የመዝጊያውን ቀን አላዩም።

ይህን ዳሰሳ ይዤ ከአገር አገር የዞርኩት በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥታት ስለ ነባር ሕዝቦች መሬት ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ መግባት ነው፤ ከብት ለማሰማራት፣ ማር ለመቁረጥ፣ ሥር ለመማስ፣ የአባት መቃብር ለማየት መግባት። መግባት ቀላል ነገር አይደለም፣ በብዙ ቦታ እርሱም በደም የተገኘ ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ፈቃድ የሚገባ ሰው፣ አያቱ የተቀበሩበት ቢሆንም፣ እንግዳ ነው። ውሉ እውነተኛ ሽርክና መሆኑ የሚፈተነው ማኅበረሰቡ «አሁንስ ይዘጋ» ያለ ቀን ነው። በዚያ ቀን በሩ ከተዘጋ ሽርክናው እውነት ነው፤ ካልተዘጋ ግን ጉዳዩ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ፈቃድ ብቻ ነው።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ለማስታወስ ያህል፣ የዘመናዊው ፓርክ አባት የሚባለው የሎውስቶን በ1872 ሲከለል፣ አሜሪካ ውስጥ ያንን ምድር ለሺህ ዓመታት የተመላለሱበት ነገዶች እንደ ባለቤት አልተቆጠሩም። ሐሳቡ ዓለምን ዞረ። ዱር ማለት ሰው የሌለበት ነው ተባለ፤ ሰው ያለበትም ሰው እንዳይኖርበት ተደረገ። በ1959 ማሳዮች ከሴሬንጌቲ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲሄዱ ሲደረግ፣ በአዲሱ ቦታ ከነከብታቸው እንደሚኖሩ ተነግሯቸው ነበር። ዛሬ ያ ቃል ምን ያህል እንደሳሳ በየጊዜው ከታንዛኒያ የሚወጣው ዜና ይናገራል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የእኛ አባባል የፓርኮችን ታሪክ ግማሹን ይገልጸዋል።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ትንሽ እንቆይ። በክሩገር ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የሉቩቩና የሊምፖፖ ወንዞች በሚገናኙበት ፓፉሪ በሚባለው ምድር፣ የማኩሌኬ ሕዝብ ይኖር ነበር። በ1969 የአፓርታይድ መንግሥት ወደ 3,000 የሚጠጉትን ሰዎች በመሣሪያ አስፈራርቶ አስወጣቸው፤ ጎጆዎቻቸውን በገዛ እጃቸው እንዲያቃጥሉ ተገደዱ። አፓርታይድ ሲወድቅ የመሬት መልሶ ማግኛ ሕግ ወጣ፤ ማኩሌኬዎችም ጠይቀው በ1998 ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ በስማቸው ተመለሰላቸው። ይህ በአፍሪካ ትልቅ ድል ነው፣ እንደ ድልም መቆጠር አለበት። ግን የውሉን ሌላ ገጽ ገልጠን እናንብብ። መሬቱ ፓርክነቱ ይቀጥላል። አይታረስም፣ ማዕድን አይወጣበትም፣ ማንም ተመልሶ አይሰፍርበትም። ማኅበረሰቡ ከደቡብ አፍሪካ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ጋር በጋራ ቦርድ ያስተዳድረዋል፤ ከቱሪስት ሎጆች ገቢ ያገኛል፣ ልጆቹ እዚያ ይቀጠራሉ።

ይህን ስምምነት የሚያወድሱ ማኩሌኬዎች በራሳቸው ፈቃድ ጥበቃን መረጡ ይላሉ። እውነትነት አለው፤ የማኅበረሰቡ መሪዎች ከእርሻ ይልቅ ቱሪዝም ይሻላል ብለው አስልተው ነው የገቡበት። እኔን የሚቆጠቁጠኝ፣ ሌላ ምርጫ ቢያቀርቡ ኖሮ መሬቱ ይመለስ ነበር ወይ የሚለው ነው። የተመለሰላቸው መሬት ከነአጥሩ ተመለሰ፤ አጥሩን ማንሳት የሚያስችል መብት ግን አብሮ አልመጣም። ቢሆንም ካርታው በስማቸው ስለሆነ፣ ነገ ሌላ መንግሥት መጥቶ ከፓፉሪ ሊያባርራቸው ቢያስብ ከፍርድ ቤት ፊት የሚቆሙት እንደ ባለቤት ነው። ይህ ከማንኛውም የምክክር መድረክ ይበልጣል።

ከሁሉም ውሎች የሚያስደንቀኝ የካናዳው ነው። በምዕራብ ካናዳ ዳርቻ፣ ሃይዳ ግዋይ በሚባሉት ደሴቶች፣ ጥንታዊው የዝግባ ደን በመቆረጥ ላይ ነበር። በ1985 መጸው የሃይዳ ሕዝብ በላየል ደሴት የግንድ መኪኖች የሚያልፉበትን መንገድ ዘጋ። መጀመሪያ የተያዙት አዛውንቶች ነበሩ፤ የክብር ካባቸውን ለብሰው መንገዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። በጠቅላላው 72 ሰዎች ታሰሩ። አንድ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ፈንጣጣ ይህን ሕዝብ ከጨረሰው በኋላ የተረፉት ጥቂት መቶዎች ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ መንገድ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምን ይዘው እንደተቀመጡ ይገባናል። በሁለት ዓመት ውስጥ የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ቆረጣው እንዲቆም ተስማሙ።

ውሉ የተፈረመው በ1993 ነው። በውሉ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች አልተስማሙም፤ አለመስማማታቸውንም አልደበቁም። ገጹን ለሁለት ከፍለው በአንዱ ዓምድ ሃይዳዎች ምድሩ በውርስ የእኛ ነው ብለው ጻፉ፤ በሌላው ዓምድ ካናዳ የዘውዱ መሬት ነው ብላ ጻፈች። ከዚያ በታች ግን ደኑንና የጥንት መንደሮቹን እንዴት አብረው እንደሚጠብቁ ተስማሙ። የሚያስተዳድረው ቦርድ ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት አሉት፤ ውሳኔው በስምምነት ነው። ማንም ማንንም በድምፅ ብልጫ አይረታም። ይህ ማለት ሃይዳዎች «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ማለት ነው፤ መንግሥትም እንዲሁ።

በበጋ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ጎብኚ ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ያያል። በባዶዎቹ ጥንታዊ መንደሮች የተቀረጹት የዝግባ ምሰሶዎች ዘምመው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ወድቀው በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት ተሸፍነዋል። እንዳይነኩ፣ እንዳይታደሱም ነው የተወሰነው፤ ወደ አፈር መመለሳቸው የሥርዓቱ ክፍል ነው። በየመንደሩ የሃይዳ ጠባቂዎች አሉ። ጀልባው ከመጠጋቱ በፊት በሬዲዮ ጠርቶ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርደው ከ12 ሰው አይበልጥም። ቡድኑ እስኪወጣ ቀጣዩ ባሕር ላይ ይጠብቃል። በእኔ ግምት በዓለም ላይ ካሉት ውሎች ሁሉ ሽርክና የሚለው ስም የሚገባው ይህ ነው፤ ሚኒስትሩም ቢመጣ ፈቃድ የሚጠይቀው ከጠባቂዋ ነው። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የሃይዳን ነባር ባለቤትነት በደሴቶቹ ሁሉ ላይ አወቀ። ገጹን ለሁለት የከፈለው መስመር 31 ዓመት ቆይቶ ከአንድ ወገን መፋቅ ጀመረ።

ኒውዚላንድ ከዚህም አልፋ የሄደች ይመስላል። ቴ ኡሬዌራ የቱሆይ ሕዝብ ደን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዘውዱ ጦር እህላቸውን እያቃጠለ የገባበት፣ በ1954 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ። በ2014 የወጣው ሕግ ፓርክነቱን ሰርዞ ደኑን ራሱን በሕግ ፊት ሰው አደረገው፤ መብትና ግዴታ ያለው፣ የመንግሥትም የቱሆይም ንብረት ያልሆነ። በእርሱ ስም የሚናገረው ቦርድ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት እኩል ለእኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ9 አባላት 6ቱ ቱሆይ ሆኑ። ዘውዱም ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሣም ከፈለ።

የውጭ ጋዜጦች ስለዚህ ሕግ ብዙ ያማረ ነገር ጽፈዋል። እኔ ግን የተማርኩት ከ2022ቱ ጠብ ነው። የቱሆይ አስተዳደር በደኑ ውስጥ ከፓርኩ ዘመን የቀሩትን የተጓዦችና የአዳኞች ጎጆዎች ማፍረስ ጀመረ፤ ያረጁ ናቸው፣ የራሳችንን እንሠራለን አለ። በእግር የሚጓዙና የሚያድኑ ሰዎች ተቆጡ። ከቱሆይ መካከልም ሳንማከር ተወሰነ ያሉ ተነሡ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህን ያዩ አንዳንዶች «ሥልጣን ስትሰጣቸው ይኸው» አሉ። አልስማማም። የመንግሥት ፓርክ ኃላፊ ሳያማክር ጎጆ ቢያፈርስ «የመንግሥት ፓርክ ይቅር» አይባልም፤ ኃላፊው ይጠየቃል። ቱሆይም የተጠየቁት በዚያው መንገድ ነው፣ በፍርድ ቤት፣ በራሳቸው ሰዎች ጭምር። የመዝጋት ሥልጣን የያዘ ሁሉ ለማን እንደዘጋና ማንን እንዳማከረ መልስ መስጠት አለበት። ወደዚህ ነጥብ ስለ አገራችን ሳነሣ እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በዩታ የሚገኘው ቤርስ ኢርስ የአምስት ነገዶች ቅዱስ ምድር ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2016 መጨረሻ በአዋጅ ከለሉት፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 መጨረሻ 85 በመቶውን ቆርጠው ጣሉት፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 መለሱት። በጁን 2022 መንግሥትና አምስቱ ነገዶች የጋራ አስተዳደር ስምምነት ፈረሙ፤ መግቢያው ላይ የአምስቱ ነገዶች አርማ ያለበት ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳው ያምራል። ነገር ግን በአንድ ሰው ፊርማ የመጣ በሌላ ሰው ፊርማ ይሄዳል፤ ነገዶቹም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ውል ኖሮ የመዝጋት ሥልጣን ከሌለ ምን እንደሚሆን ያየነው እዚያው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በፒልባራ በረሃ፣ በጁካን ሸለቆ፣ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የተጠለለባቸው ዋሻዎች ነበሩ። በቁፋሮ ከተገኙት ነገሮች መካከል 4,000 ዓመት ያስቆጠረ የተጎነጎነ የሰው ፀጉር ነበር፤ የዘር ምርመራው ዛሬ በአካባቢው ከሚኖሩት ባለቤቶቹ ጋር አዛመደው። ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ከዚህ ሕዝብ ጋር ውል ነበረው። በሜይ 2020 ግን የብረት ማዕድኑን ለማግኘት ዋሻዎቹን በፈንጂ አፈረሳቸው፤ የምዕራብ አውስትራሊያ የ1972 የቅርስ ሕግ ይፈቅድለት ነበርና ሕግ አልጣሰም። ሕዝቡ ፍንዳታው እንዲቆም የለመነው ፈንጂው ከተቀበረ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ በሕጉ መሠረት ሚኒስትሩ አንዴ የሰጠውን ፈቃድ የሚያስመልስበት መንገድ አልነበረውም። በኋላ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሥልጣን ወረዱ፣ ፓርላማው መረመረ፣ ሁሉም አዘነ። ዋሻው ግን የለም።

ኖርዌይም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጣለች። በ2005 የወጣው የፊንማርክ ሕግ ከመንግሥት እጅ የነበረውን የዚያን ክፍለ ሀገር 95 በመቶ መሬት ለአንድ የጋራ ተቋም አስተላለፈ፤ ከ6ቱ የቦርድ አባላት 3ቱን የነባሩ የሳሚ ሕዝብ ፓርላማ ይመርጣል። ጥሩ ሕግ ነው። ከፊንማርክ ውጭ፣ በፎሰን፣ በሳሚ አርቢዎች የክረምት ግጦሽ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተከሉ። በኦክቶበር 2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ መብታቸው ተጥሷል አለ። ማመንጫዎቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም። ውሳኔው በወጣ በ500ኛው ቀን የሳሚ ወጣቶች የኢነርጂ ሚኒስቴርን ደጅ ዘጉ፤ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፣ በመጨረሻም በካሣና በተጨማሪ ግጦሽ ተስማሙ። ፍርድ ቤት የረታ ሰው እንኳ መዝጋት አልቻለም።

በአህጉራችን የጎረቤታችን የኬንያ ነገር ከሁሉም ያሳዝናል። የእንዶሮይስ አርብቶ አደሮች በ1970ዎቹ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ተብሎ ተነሡ። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ለእነርሱ የፈረደው በ2010 መጀመሪያ ይፋ ሆነ፤ በአህጉሪቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የኦጊየክ ሕዝብ ደግሞ በማው ደን ጉዳይ በሜይ 2017 በአፍሪካ ፍርድ ቤት ረታ፤ በጁን 2022 ፍርድ ቤቱ ካሣ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው በጋራ ስማቸው እንዲመዘገብ አዘዘ። በኖቬምበር 2023 ከማው ደን ቤታቸው እየፈረሰ ሲባረሩ ዓለም ዳግመኛ አየ። ፍርዱ ፍርድ ቤቱ ባለበት አሩሻ ላይ ነው፤ መጋዙና መዶሻው ደኑ ውስጥ ነው።

በሴፕቴምበር 2007 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ144 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የተቃወሙት አራት አገሮች አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና አሜሪካ ነበሩ፤ ኋላ ላይ አራቱም አቋማቸውን ለውጠዋል። ኢትዮጵያ በዕለቱ ድምፅ ካልሰጡት አንዷ ነበረች። ለዚህ ምክንያት መገመት አያቅትም። እኛ አገር ሁሉም ነባር ነው። «ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት በእኛ ፖለቲካ ስንቱን ቤት እንዳፈረሱ፣ ስንቱን ገበሬ ከነልጆቹ በመንገድ እንዳስቀሩ የምናውቅ ሰዎች ከውጭ የመጣውን ሐሳብ እንዳለ ልንቀበለው አንችልም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥያቄውን ስናነሣ ማን ቀድሞ መጣ ብለን ሳይሆን፣ ማን ይኖርበታል፣ ማን ሲጠብቀው ኖረ ብለን ብናነሣው ይሻላል።

የእኛም ፓርኮች በዚያው በአሮጌው ሐሳብ የተከለሉ ናቸው። አዋሽ ሲከለል ከረዩዎች ግጦሻቸውን አጡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ነጭ ሳር ፓርክ ለአንድ የውጭ ድርጅት በውል ሲሰጥ የኮሬ ገበሬዎች ከፓርኩ እንዲነሡ ተደረገ፤ የጉጂ አርብቶ አደሮች ቤቶችም መቃጠላቸው በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ድርጅቱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፓርኩን ትቶ ሄደ። የሰሜን ተራሮችን ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ለማውጣት በተደረገው ጥረት ደግሞ የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ። ዋሊያው ተጠቀመ ማለት ይቻላል። ደጋ ላይ ገብስ ሲዘራ የኖረ ገበሬ በከተማ ዳር ምን እንደሚዘራ ግን በቂ ሰው አልጠየቀም።

ነገር ግን ይህች አገር የተሻለም ታውቃለች። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ ጓሳ አለ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮ በአይጥ ጉድጓድ ላይ አድብቶ የሚውልበት፣ ጭላዳ በመንጋ ሣር የሚነጭበት። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይጎነጎንበታል፤ እረኛው በዝናብ የሚለብሰው ጌሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ያለ ጓሳ ክረምትን አይወጣም ነበር።

ይህ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሕግ ይጠበቅ ነበር፤ ሕጉ ግን ከቤተ መንግሥት የመጣ አልነበረም። ቄሮ ይባል የነበረው ሥርዓት (ስሙ ቢመሳሰልም ከኦሮሚያው የወጣቶች እንቅስቃሴ ጋር አይገናኝም) የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች የሚመራ ነበር። ጓሳ ሲዘጋ ለሁሉም ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ ለአራት፣ እስከ አምስት ዓመት። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቃል፤ በተዘጋ ጊዜ ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ይቀጣል። ሣሩ መድረሱ ሲታይ በበጋው አጋማሽ ይከፈታል፤ ሰው ያጭዳል፣ ከብቱም ይገባል። ዝናቡ ሲገባ፣ በሐምሌ አቦ አካባቢ፣ እንደገና ይዘጋል። በሌሎች አገሮች የቦርድ ስብሰባና የአምስት ዓመት የአስተዳደር ዕቅድ የሚሠሩትን ሥራ እዚህ የሣሩ ቁመትና የአቦ በዓል ይሠሩት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አፈረሰው። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብን። አዋጁ የጭሰኝነትን ቀንበር የሰበረ ነው፤ በመንዝም የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነው ገበሬ ጓሳን ከዳር ሆኖ ያይ ነበርና ለእርሱ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ግን የሚዘጋው ጠፋ። ሁሉም ገባ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ዳር ዳሩ ታረሰ። ፍትሕ መጣ፣ ጓሳ ግን ተጎዳ። የሁለቱን ግጭት ያላየ ሰው ስለ ጋራ አስተዳደር ቢጽፍ ግማሽ ነገር ነው የሚጽፈው።

የመንዝ ሰዎች ግን ተስፋ አልቆረጡም። በኋላ ላይ እንደ እድር ያለ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ከየቀበሌው ሰው መርጠው፣ ኮሚቴ አቋቋሙ። የዚህን ታሪክ ዶክተር ዘላለም ተፈራ በጥናታቸው ስላሰፈሩት ነው ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዓ.ም. ክልሉ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀ። ብሔራዊ ፓርክ አላደረገውም፤ ማንንም አላስነሣም። ጠባቂዎቹ ከዚያው ከማኅበረሰቡ የተቀጠሩ ናቸው። ቀበሮውም አለ፣ ሣሩም ይታጨዳል። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የተሻለበት ትልቁ ነገር መጠቀሙ በዘር ሐረግ አለመሆኑ ነው፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ሁሉ የኮሚቴው መራጭም ተጠያቂም ነው። ከቴ ኡሬዌራ ጠብ ያነሣሁት ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ይመስለኛል። መዝጋት የሚችል ኃይል ያስፈልጋል፤ ያም ኃይል የሚዘጋባቸውን ሰዎች ሁሉ ያቀፈ መሆን አለበት።

በባሌ ተራሮች የአዳባ ዶዶላ ደን ላይ የተሞከረውም ከዚህ ይቀራረባል። ደኑ በክፍል በክፍል ተለይቶ፣ ዋጂብ በሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲጠበቅ ከመንግሥት ጋር ውል ተገባ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ተሰልቶ ነው የተሰጠው። ቁጥሩ የመጣው ደኑ ስንት ሰው ሊሸከም ይችላል ከሚል ስሌት ነው። ከደኑ ዳር የቀሩት ሌሎች አባወራዎች ግን ከውሉ ውጭ ሆኑ፤ ማንን ማስገባት ማንን መተው የሚለው ጥያቄ እዚያም አልቀረም። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ የማኅበረሰብ ደንና አሳታፊ የደን አስተዳደርን በሕግ አውቋል፤ ይህ ራሱ ከነጭ ሳሩ ዘመን ሲነጻጸር ረጅም መንገድ ነው።

ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርብቶ አደሩ ከግጦሹ እንዳይፈናቀል ያው አንቀጽ ይናገራል። የጓሳ ኮሚቴ ማኩሌኬዎች ያላቸውን ዓይነት የባለቤትነት ካርታ የለውም፤ ያለው በክልል ሕግ የተሰጠ ዕውቅና ነው። ያ ዕውቅና በሚሰጠው አካል ይሻሻላል፣ ቤርስ ኢርስ ላይ እንዳየነው። በዲሴምበር 2022 የዓለም መንግሥታት እስከ 2030 ድረስ ከምድርና ከባሕር 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያም በውስጡ አለች። ብዙ አዲስ መስመር በካርታ ላይ ይሰመራል ማለት ነው። እነዚህ መስመሮች ከመሰመራቸው በፊት መጻፍ ያለበት አንቀጽ አንድ ነው፦ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ መንገድ፣ ማዕድን፣ ሎጅ ወይም አዲስ ክልል ሲታሰብ፣ የሥፍራው ኮሚቴ በጠቅላላ ጉባኤው ካልተስማማ ፈቃዱ አይሰጥም የሚል። «ይመከራል» ሳይሆን «አይሰጥም» የሚል። ይህ አንቀጽ በክልል ደንብ ብቻ ሳይሆን በፌዴራሉ አዋጅ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ኮሚቴውም እምቢ ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የተከፋ ጎረቤትም ይግባኝ የሚልበት ፍርድ ቤት እንዲኖረው ሆኖ።